የሰፈራችን ሻይ ቤት ቁርስ አሳዘነኝ፤ ለባለቤቷ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለሐዋሳ ልጆች።

እሁድ ዕለት እማዬን ይዤ ሰፈራችን ሻይ ቤት ሄድኩ። እማዬ የምትኖረው ይርጋለም ነው። ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆንም ቶሎ ቶሎ አትመጣም። ቅዳሜ ማታ መጣች፣ እሁድ ገብርኤል አስቀደስን፣ ከቅዳሴ ስንወጣ 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ርቦናል። ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር፣ ስለ ፉሉ ሳወራላት ነበር የሄድነው።

የቤቱን ስም አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም። 11 ዓመት የተመላለስኩበት ቤት ነው። አራት ጠረጴዛ አለው፣ በሩ አጠገብ የከሰል ምድጃ አለ። ባለቤቷን ትልቁም ትንሹም እትዬ ነው የሚላቸው። ተማሪ ሆኜ ብር ሲያጥረኝ በዱቤ አብልተውኛል። አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ሲኖረኝ ራሴ ነበርኩ የምከፍለው። በቅርቡ ደጃፉ ላይ ቀይ ሸራ ተሰቅሏል። ብራንች የሚሉት የረፋድ ምግብ መጀመሩን፣ እስከ 7 ሰዓት ቁርስ እንዳለ ይናገራል። የላስቲክ ወንበሮቹም በእንጨት ተቀይረዋል። ሳየው ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ስፔሻል ፉል፣ አንድ እንቁላል ፍርፍር ለጋራ፣ ሁለት ሻይ በቅመም አዘዝን። 40 ደቂቃ ጠበቅን። ፉሉ ሲመጣ ላዩ ያምራል። እንቁላሉ፣ አቮካዶው፣ ቃሪያው ተደርድሯል። ከስር ያለው ባቄላ ግን አልበሰለም። ልጣጩ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይላል። እማዬ ቃል አልተነፈሰችም። ትጎርሳለች፣ ልጣጩን በሁለት ጣቷ ከአፏ ታወጣለች፣ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ታስቀምጣለች። ሰባት ልጣጭ ቆጠርኩ። ተራ በተራ ነው የደረደረቻቸው። ከዚያ የተረፈውን ዳቦ ወደኔ ገፋ አድርጋ ጠገብኩ አለች። እናቴ ስትጠግብ አውቃታለሁ። አልጠገበችም።

ሻዩ ከፔርሙዝ ነው የተቀዳው። ጠቁሯል፣ ላዩ ላይ ስስ ነገር ሠርቷል፣ ወደ አፍ ሲያስጠጉት ቡና ቡና ይሸታል። ፔርሙዙ ቀደም ሲል ቡና እንደነበረበት ያስታውቃል። ቀረፋ የለው፣ ቅርንፉድ የለው። ሌላውስ ይሁን፣ ሻይ ቤት ገብቶ ሻይ ማጣት ግን ያሳዝናል።

ሂሳብ ስከፍል እትዬ ከጓዳ ወጡ። እማዬን አገላብጠው ሳሟት። እንዴት ነበር ብለው ጠየቁን። እኔ ቆንጆ ነው አልኳቸው። ከእሁድ ጀምሮ የሚቆጠቁጠኝ እሱ ነው። ፉሉ አይደለም፣ መዋሸቴ ነው።

እና ጥያቄዬ ይህ ነው፤ እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ለሰፈራችሁ ሰው ትናገራላችሁ ወይስ ዝም ብላችሁ ቤት ትቀይራላችሁ?

(ከዚህ በታች ያለውን ቅዳሜ ማታ ነው የጨመርኩት። የመልሶቹ ክር በጣም ስለረዘመ አዲስ ለሚገባ ሰው መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ አንዳንዱ እትዬ ጆሮ ቢደርስ ያስቀይማል።)

1ኛው መልስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው የመጣው። ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ የቤቱን ስም ስላልጻፍኩ አመሰገነኝ። ከዚያ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሄጄ፣ አረፍ ብዬ፣ በቀስታ እንድነግራቸው መከረኝ። ሌላ ደንበኛ እየሰማ የተነገረ ነገር እንደ ስድብ ይቆጠራል ባይ ነው። ልክ ነው።

2ኛዋ ተቃወመችው። መናገር ትርፉ መቀያየም ነው ትላለች። አንድ ቀን የሆነ ቤት የእንቁላል ሳንድዊቹ ዘይት የሰነበተ እንደሆነ ተናግራ ከዚያ ወዲያ ፊት ነሷት። ስትገባ ቀና ብሎ የሚያያት ጠፋ። አሁን ካልጣማት ሂሳቧን ከፍላ ትወጣለች፣ በዚያው ትቀራለች። ብዙ ሰው ወደደላት። እኔም ሳነበው ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር፣ ምክንያቱም ይቀላል።

3ኛው ነገሩን ወደ ሳይንስ ወሰደው። ሐዋሳ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፣ ስለዚህ ሻዩም ባቄላውም ቢበላሽ በሴትዮዋ አይፈረድም አለ።

4ኛው የአዳማ ልጅ ነው፣ በትህትና አረመው። አዳማም ሐዋሳም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ናቸው፣ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ እስከዚህ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ሆና፣ ውሃዋም 92 ዲግሪ ግድም እየፈላ፣ ሻይዋ ይጠጣል። ከፍታ ባቄላውን ያዘገየዋል፣ እሳት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት ማለት ነው እንጂ ሳይበስል ይቅረብ ማለት አይደለም። ለፔርሙዙ ደግሞ ከፍታ ምን ያደርገዋል? ይህን ብሎ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ግን የአዳማን ፉል ቤቶች ማወደስ ጀመረ፣ የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እንዴት ተሰልፈው እንደሚበሉ አወራ፣ የእኛ ልጆችም ተናደው መለሱለት። የከተማ ፉክክሩን እዘለዋለሁ።

5ኛውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከአሥር ዓመት በላይ ፉል ሠርቶ ያደረ ሰው ነው። ፉሉን ሳያየው ምን እንደሆነ ነገረኝ። ባቄላ ማታ ይዘፈዘፋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል፣ ውሃው ይቀየርና በዝግታ እሳት ክዳኑ ተከድኖ ለሰዓታት ይበስላል። ቲማቲም ቶሎ አይገባበትም፣ ኮምጣጣ ነገር ልጣጩን ያደርቀዋል። የቸኮለ ሰው ግን ሶዳ ይጨምርበታል። ቁንጥር ካልበለጠ ያለሰልሳል፣ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ባቄላው ጠጣር ሆኖ ሳሙና ካለ ደግሞ ጭራሽ አልተዘፈዘፈም፣ በሶዳ ብቻ ሊያበስሉት ሞክረዋል ማለት ነው። ከዚያ ስንት ሰዓት እንደገባን ጠየቀኝ። 4 ሰዓት ተኩል አልኩት። የበላችሁት ሁለተኛውን ድስት ነው አለኝ። የጠዋቱ አልቋል፣ ለረፋዱ የታሰበበት ባቄላ የለም። ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ።

6ኛው ግን እሳት ለብሶ ነው የገባው። በእኔ ላይ ነው የተቆጣው። በዱቤ ያበሉኝን ሴት እንጀራ ልዘጋባቸው እንደተነሳሁ፣ ሰባት ልጣጭ ቆጥሮ አደባባይ ማውጣት ነውር እንደሆነ ጻፈ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዘይቱም ስንዴውም የት እንደደረሰ እያወቅን ከሰፈር ሻይ ቤት የሆቴል ምግብ መጠበቅ ግፍ ነው አለ። ከዚህም የባሰ ቃል ነበረው፣ በኋላ ራሱ አጠፋው። ስለ ኑሮው እውነቱን ነው። እንጀራቸውን መዝጋት ቢኖርብኝ ግን የቤቱን ስም እጽፍ ነበር።

7ኛዋ እኔን ደግፋ መጣች፣ ግን አያያዟ ከ6ኛውም ባሰ። ደንበኛ የከፈለበትን የማግኘት መብት አለው፣ ንግድ ቢሮ መሄድ ነው አለች። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ጠቀሰች። ዋጋ ለጥፈዋል ወይ፣ ደረሰኝ ሰጥተውሃል ወይ እያለች ፖሊስ የያዘኝ እስኪመስለኝ አፋጠጠችኝ። 8ኛው በሁለት መስመር አስቆማት። አዋጁ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያስገድዳል፣ ስላልበሰለ ባቄላ የሚለው ነገር ግን የለም። ዋጋው ደግሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ እኔም አይቼዋለሁ። ለአንድ ሳህን ፉል ጎረቤትን መክሰስ ጨርሶ አልዋጠልኝም።

9ኛዋ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። እሷ የምትበላበት ሌላ ሻይ ቤት ነው፣ ግን ሁሉም አንድ ነው ትላለች። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስትገባ ድስቱ ገና ሲከፈት እንፋሎቱ ፊቷን ይመታታል፣ ፉሉ እንደ ቅቤ ነው፣ ሻዩ ከማንቆርቆሪያው በቀጥታ ይቀዳል። በእረፍቷ ቀን አርፍዳ ስትሄድ ግን የሌላ ሰው ምግብ የበላች ይመስላታል። የ5ኛውን ግምት አጸናችው። ሻይ ቤት ለሠራተኛና ለተማሪ በማለዳ የሚሠራ ቤት ነው፣ በረፋድ የሚመጣው ሰው የሚያገኘው የተረፈውን ነው ትላለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እትዬ ሙያ አልጠፋባቸውም ማለት ነው። ሸራው የሰዓቱን ቁጥር ጨመረ፣ ድስቱ ግን አልጨመረም።

10ኛው ዝም አሰኘን። እናቱ ዲላ ሻይ ቤት ነበራቸው። ጥሩ ይሠሩ ነበር። አንድ ክረምት ደንበኛ እየሳሳ ሄደ። ዛሬ አንዱ ቀረ፣ ነገ ሌላው ቀረ። እናቱ ቅመም ጨመሩ፣ ዋጋ ቀነሱ፣ ብርጭቆ ቀየሩ። የሚሆን አልሆነም። በስተመጨረሻ ዘጉት። ከዘጉ ከብዙ ወራት በኋላ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንዲት ጎረቤት እንደዋዛ ነገሯቸው፤ ሻዩ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። ለካ ከሰል ሲወደድባቸው ወደ ላምባ ምድጃ ዞረው ጀሪካኑን ከውሃው በርሜል አጠገብ ያስቀምጡት ነበር። እሳቸው አብረውት ስለሚውሉ አልሸተታቸውም። አንድ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነበር፣ ጀሪካኑን ውጭ ማውጣት ብቻ። እናቱ እስከ ዛሬ የሚቆጫቸው መዝጋታቸው አይደለም አለ። ያን ሁሉ ወር ሰላም እያለ በደጃቸው የሚያልፍ ሰው አንዱ እንኳን አለመናገሩ ነው።

እዚህ ላይ ለ2ኛዋ የነበረኝ ድጋፍ አበቃ። እሷም አንብባው መሰለኝ ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈችም።

ከ11 እስከ 13 ከጉዳዩ ወጣን። አንዱ እንግዳ ይዞ የወጣ ሰው ሻይ ቤት ምን ይሠራል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አይወስዳትም ወይ አለ። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሆድቃ ሲጠብቁ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተቆራርጦ ተጠብሶ በዳጣ ሲቀርብ እያለ ሲዘረዝር እኔም ራበኝ። ሌላው ጥሬውን ካልበላህ አልበላህም አለ፣ አንዲት ነርስ ስለ ጥሬ ዓሣ አስጠነቀቀችው። ከዚያ አንድ ሰው ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን አነሳ። በቃ። በየዐቢይ ጾሙ 55 ቀን ሙሉ የሚካሄደው ክርክር እዚህም ተጀመረ። አንድ የሲዳማ ልጅ መሀል ገብቶ የረፋድ ምግብ ከተባለ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ በእርጎ ምን አለው ሲል አድሚኑ ሁሉንም አስቁሞ ወደ ሻዩ እንድንመለስ አዘዘ። ስለ ቡርሳሜው ልጁ ትክክል ነው።

14ኛው የቦንጋ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ይመስለኛል። አጻጻፋቸው የረጋ ነው። የቡና አገር ሰዎች ሻይን ትንቃላችሁ ብለው በቀስታ ወቀሱን። ብርጭቆህ ውስጥ የነበረው ቅጠል ምናልባት ከውሽውሽ ወይም ከጉመሮ የሻይ እርሻ የመጣ ይሆናል፣ ሰው ለቅሞት፣ ደርቆ፣ ስንት መንገድ ተጉዞ ፔርሙዝ ውስጥ መሞት የለበትም አሉ። አሠራሩንም አስተማሩ። መጀመሪያ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ሄሉ ብቻቸውን ይፈላሉ፣ ቤቱ እስኪሸት። ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይገባል። የእኛ ሻይ ደቃቅ ስለሆነ ቀለሙን ቶሎ ይሰጣል፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃዋል። ወዲያው በማጥለያ ይጠለላል። ቅጠሉ ውስጡ ከቆየ የሚወጣው መራራነት ብቻ ነው። ፔርሙዝ ውስጥ ከገባም ተጠልሎ ይግባ፣ ፔርሙዙም ቡና የማያውቅ ይሁን። በማግስቱ ቤቴ እንዳሉት አፈላሁት። ልዩነቱን ምላሴ አወቀው።

15ኛው መልስ የ6ኛው ሰው ነው፣ ተመልሶ መጣ። ዋጋን በተመለከተ ያለው ላይ እንደጸና ነው። ግን ለምን እንደተቆጣ ነገረን። እሱም ሻይ ቤት ከፍቶ ነበር። አንድ ደንበኛ የዳቦውን ፎቶ አንስቶ ስሙን ጠቅሶ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈበት። ለእሱ ግን አልነገረውም። ከሰው ስልክ ላይ ነው ያየው። ቤቱ ከዚያ በኋላ አልቆመም። የ10ኛውን አንብቦ ሌሊቱን አልተኛም። በቃ ሂድና ንገራቸው፣ ዛሬ ንገራቸው፣ ለእኛ የምትጽፈውን ለእሳቸው ንገራቸው አለኝ። ከ1ኛው ጋር ተቃርኖ ጀምሮ አንድ ቦታ ደረሱ።

16ኛው የራሴ ነው። ሄድኩ።

ረቡዕ 11 ሰዓት ላይ ነበር፣ ቤቱ ባዶ ነው። እትዬ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እሁድ እንደዋሸኋቸው ነገርኳቸው። ከዚያ ባቄላውን፣ ሳሙና ሳሙና ማለቱን፣ ሻዩን። ስለ ልጣጩ ልተወው ነበር፣ ግን እሱንም ነገርኳቸው። ሰባት መሆኑን ስነግራቸው እጃቸው ውሃው ውስጥ ቆመ። ብዙ ዝም አሉ። ተቀየሙኝ ብዬ ልነሳ ስል የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያው ለምን እንዳልነገርኳቸው። ብነግራቸው ለእናቴ ሌላ ነገር ሠርተው፣ ሳትበላ አይሸኟትም ነበር። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተቀየረ። የእኔም ተቀየረ።

ከዚያ ሁሉን ነገሩኝ። ፉል የምትሠራላቸው ልጅ ከፋሲካ በኋላ ዓረብ አገር ሄዳለች። ሸራውን ያሰቀለው የወንድማቸው ልጅ ነው፣ አስቦላቸው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ድስቱ ያልቃል፣ ሸራው ደግሞ እስከ 7 ሰዓት ይላል፣ ሰው ይመጣል፣ ባዶ እጁን መመለስ አልሆነላቸውም። ሶዳውን ጎረቤት ነች የመከረቻቸው። የ5ኛውን ሰው ምክር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የማያውቁት ነገር አልነበረም፣ ለሁለተኛው ድስት ባቄላ ማታ መዘፍዘፍ አልታሰባቸውም እንጂ። ስወጣ ሳጥኑን ከፍተው ገንዘቤን ሊመልሱ ታገሉኝ። እምቢ አልኩ። ግማሽ ኪሎ ቡና ቋጥረው ኪሴ ውስጥ ከተቱት፣ ለይርጋለም ብለው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሆን ብዬ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ጓዳው ደጃፍ ላይ ሁለት ባልዲ ባቄላ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል፣ ለነገው ነው። ፉሉን በዳቦ ስጫነው ተፈረከሰ። ልጣጩ አልታወቀኝም። ሳሙናው የለም። ሳህኑን ጠርጌ በላሁ።

ሻዩ ግን አሁንም ከዚያው ፔርሙዝ ነው የተቀዳልኝ። እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው እንዴት ነው አሉኝ። ፉሉ ቆንጆ ነው፣ ሻዩ ቡና ቡና ይሸታል አልኳቸው።